የማንአለሽ መንገደኞች

በከተማችን በአርብ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ጉሙ ነው፤ ቀጥላ የምትነሳው ማንአለሽ ናት። ዓርብ ዕለት ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ አህያውን እየነዳ ከተመለሰ በኋላ ሜዳው ላይ የሚቀረውን ነገር ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ የተበጠሰ መጫኛ፣ አፉ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የአንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ፣ የከረጢት ቅዳጅ፣ ጥርሱ የረገፈ ማጭድ። እሷ ግን ጎንበስ ቀና እያለች ትለቅመዋለች። ነጠላዋ ነጭ ነው፣ ጉሙም ነጭ ነው፤ ጎንበስ ስትል ትጠፋለች፣ ቀና ስትል ትመጣለች። እንቅልፌ ገና ከዓይኔ ሳይወጣ ከበረንዳዬ ሆኜ ሳያት፣ የምትለቅመው ጉሙን ራሱን ይመስለኛል።

ባዩ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን በረንዳዬ ላይ አቁሜ ነው ያረጀሁት። ሰውን የማውቀው በትከሻው ነው። ፊት ይዋሻል፤ ትከሻ ግን አያውቅበትም። ደንበኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። "ባዩ ሰላም ሲሉት እንኳ ዓይን አያይም፤ ሜትሩን ነው የሚፈልገው" ይላሉ። ይበሉ። ማንአለሽ ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ልትከራይ የመጣች ዕለትም መጀመሪያ ያየሁት ትከሻዋን ነበር። ቀኙ ከግራው ዝቅ ያለ፣ ረጅም መንገድ አንድ ነገር ታቅፎ የመጣ ሰው ትከሻ ነበር። ምን ታቅፋ እንደመጣች ያወቅሁት ግን ከቆየ በኋላ ነው።

የተወለደችው ከአባይ ማዶ ነው። አባቷ በድርቁ ጊዜ ከዚሁ ከጋይንት በሰፈራ የሄዱ፣ ሞፈር ጠራቢ ሰው ነበሩ። ትንሽ ልጅ ሳለች ጫካ ይዘዋት ይገቡና ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመው "ይኸ ሞፈር ነው" ይሏታል። ሌላውን ያሳዩዋትና "ያኛው ገና ዛፍ ነው" ይሏታል። እሷ ልዩነቱ አይታያትም ነበር። አንድ ቀን ግን ሳይነግሯት ታያት፤ ዛፉ ውስጥ የቆመው ጎባጣ ነገር ልክ እንደ ሰው ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ታያት። ከዚያ ወዲህ እንጨት አይታ ዝም ብላ አልፋ አታውቅም።

አባቷ ሲቀመጡም ሲነሱም "አገራችን ጋይንት" ስለሚሉ፣ ያላየችው አገር በሕልሟ ይመጣባት ነበር። በሕልሟ ጋይንት ሜዳ ብቻ ነበረች፤ መካከሏን ቀጭን ወንዝ የሚያልፍባት፣ ገብሱ ነፋስ ሲነካው የሚተኛባት። መጥታ ገደሉን ስታይ ግራ ገባት። "ጋሼ ባዩ፣ አባቴ ገደሉን ረስቶት ነው ወይስ አፍሮበት?" አለችኝ። አገሩ የራቀው ሰው ገደል አይታየውም አልኳት። ይህን ያልኩት ለማጽናናት ነው እንጂ እኔ ከዚች ከተማ ርቄ አላውቅም።

እዚያ ሳሉ "ጋይንቶቹ" ይሏቸው ነበር። እዚህ ስትመጣ ደግሞ ሰዉ "የማዶዋ" አላት። በክፋት አይደለም፤ ሌላ ማንአለሽ ስለነበረች ለመለየት ነው። ቢሆንም ስሙ በተጠራ ቁጥር ትከሻዋ ትንሽ እንደሚወርድ እኔ አያለሁ።

ባሏ መልካሙ የስማዳ ሰው ነው፤ ከወገዳ ወዲያ። እርሻ ጠቦት በጎልማሳነቱ መሬት ፍለጋ ወደ ማዶ ወረደና እዚያ አገኛት። ቤት ሠሩ፣ በሬ ጠመዱ። ክፉው ቀን የመጣ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ከመንደሩ ሕዝብ ጋር ሸሽተው ወጡ። ዝናብ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ መልካሙ ድንገት ቆመ። በሬዎቹ በረት ውስጥ እንደታሰሩ መቅረታቸው ትዝ ብሎታል። "ፈትቻቸው ልምጣ፤ ታስረው አይሙቱ" አለ። ኮቱን አወለቀና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ከዚያ ተመለሰ። ማንአለሽ ታሪኩን ስታወራ እዚህ ላይ ታቆማለች። ሞተ ብላ አታውቅም፣ ጠፋም ብላ አታውቅም። "ሊፈታቸው ሄዷል" ነው የምትለው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም እንዲሁ ነው የምትለው።

የመጀመሪያውን ሰው የሠራችው ለሥራ ብላ አይደለም። ገበያው ሜዳ ላይ የአንድ ሕፃን ጫማ አገኘች፣ የአንድ እግር። እንዲህ ያለ ጫማ ሰው አይጥለውም፤ ከእናት ጀርባ ላይ ሳይታወቅ ይወልቃል እንጂ። ማንአለሽ ይዛው መጣችና ባለቤቱ ቢያልፍ እንዲያየው አጥሩ ላይ ሰካችው። ማንም አልጠየቀም። ሳምንት ሁለት ሳምንት አለፈ። ጫማው ብቻውን መቆሙ አላስችላት ሲል ከዋንዛ ቅርንጫፍ እግር አበጀችለት። እግር ካለው ወገብ ያስፈልገዋል አለች። አንድ ቀን ጠዋት ሽንት ቤት ስወጣ አጥሩ ሥር ልጅ ቆሞ አገኘሁ። "ማን ነህ አንተ?" አልኩት፣ ዝም አለኝ። ይህን ለሰው ማውራቴ ስህተት ነበር፤ እስካሁን ገበያው ይስቅብኛል።

ከዚያ በኋላ በዙ። ከቢጫ ጀሪካን ደረት ያላት ሴትዮ መጣች፤ ደረቷ ውስጥ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን የሰጠቻት እንደ እሷው ከማዶ የመጣች ሴት ናት፤ የቤቷ ቁልፍ ነው፤ በሩ ግን ዛሬ የለም። ነፋስ ሲነፍስ ቁልፉ ጀሪካኑን መታ መታ ያደርገዋል። ከዛገ ቆርቆሮና ካረጀ የአህያ ኮርቻ የተሠራ ሽማግሌ መጣ፤ ጀርባው ላይ የተጫነው የተጠቀለለ ሰሌን ነው። ሚስማር አትገዛም፤ የተጣመመውን ድንጋይ ላይ ቀጥቅጣ ታቃናዋለች። ሌላውን በሽቦና በጠፍር ታስረዋለች። የምታመጣውን ነገር ወዲያው አትነካውም። ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ እስኪፈራረቅበት ታስቀምጠዋለች። "የት እንደነበረ እስኪነግረኝ ነው" ትላለች። ሁሉም ሸክም አላቸው፣ ሁሉም አንድ እግራቸውን አንስተዋል። ፊት ግን የላቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ፊት ካበጀሁላቸው አንድ ሰው ይሆኑብኛል" አለችኝ።

ሰዉ መጀመሪያ የወፍ ማስፈራሪያ መስሎት "የሚጠበቅ እህል የት አለና ነው?" እያለ ይሳለቅ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህርት ሳሮን በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸውና "ይህ እኮ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ኤግዚቢሽን መግባት አለበት" አለች። ማንአለሽ ምን ይባላል ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ "መንገደኞች ናቸው።" ስሙ በዚያው ጸና። ነሐሴ ላይ ጉሙ ሳይገለጥ ሲውል አህዮች ከአጥሩ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ አረቄ ቀምሶ የሚመለስ ሰው ደግሞ ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል። እኔም ብሆን አንድ ጠዋት ጀሪካን ደረቷ ሴትዮ ከትናንት ቦታዋ አንድ እርምጃ ያህል የቀረበች መሰለኝ። ለማንአለሽ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ወጥታ አጠገቤ ቆመችና "እውነትም" አለች፤ ሁለታችንም ጉሙ ውስጥ ቆመን ስናያቸው ቆየን።

አሁን ወደ አበራሽ ልምጣ። አበራሽ የመልካሙ ታላቅ እህት ናት፤ ወገዳ አጠገብ በአባቷ ርስት ላይ ትኖራለች። ማንአለሽ ከማዶ ስትመጣ መጀመሪያ የገባችው እሷ ቤት ነበር። አበራሽ ነገሩን ስትሰማ ለቅሶ ልታስቀምጥ ተነሳች። በእኛ አገር ወገን ሲሞት ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል፤ ያ ካልሆነ ቀሪው ከሰው አይቆጠርም፣ የሟቹም ነገር እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ማንአለሽ ግን "ሬሳውን አላየሁም፤ አፈር ሲለብስም አላየሁም፤ አላለቅስም" አለች። ሚስት እንቢ ካለች ደግሞ እህት ብቻዋን ለቅሶ አትቀመጥም። ሚስቲቱ የሌለችበት ለቅሶ ሟርት ነው፤ ሕዝቡም አይመጣም። ተጣሉ። ማንአለሽ ዕቃዋን ይዛ ወደ አባቷ አገር ወደ አርብ ገበያ መጣች።

አበራሽ ሽማግሌ መላክ አላቆመችም። ሽማግሌዎቹ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማንአለሽ ጠላ ትቀዳላቸዋለች፣ ሰምታቸው ታበቃና "አይሆንም" ትላለች። አንድ ጊዜ ሲሄዱ ልቆጣት ፈለግሁ። "ምን አለበት ብታለቅሽላት? እንባ ነው እንጂ ምን ይወጣብሻል?" አልኳት። "ጋሼ፣ እስካሁን የገደለው ሰው የለም" አለችኝ። "ለቅሶ ከተቀመጥኩ የገደልኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገርኳትም።

የአበራሽንም አውቃለሁ። ዓርብ ዓርብ ምስር ጭና ስትመጣ የማንአለሽን አጥር ፊቷን አዙራ ታልፈዋለች፤ እኔ ዘንድ ግን ጎራ ትላለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ስጠቅምላት እንዲህ አለችኝ። "ባዩ፣ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር እሄዳለሁ። በሰው ወንድም ላይ ተደብቄ የራሴን አለቅሳለሁ። እስከ መቼ ነው የምሰርቀው?" ቀሚሷን አጣጥፌ ሰጠኋት። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አንዷ ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር።

ያለፈው መስከረም ዝናቡ እንዳባራ ማንአለሽ አንድ ጥቅል ነገር ታቅፋ መጣችና መኪናዬ ላይ አኖረችው። ኮቱ ነበር። ያን ጊዜ ነው የቀኝ ትከሻዋ ነገር የገባኝ።

"ብል ገብቶበታል፣ ጋሼ። ይጠግኑልኛል?"

ዘረጋሁት። ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው፤ ድሮ የተሰፋ፣ ትከሻው ሰፊ። አንገቱንና ጀርባውን ብል በልቶታል። የግራ ክርኑ በነጭ ክር ተጥፏል፤ ጥብቅ ያለ የሴት እጅ ስፌት።

"ይህን ማን ጣፈው?"

"እህቱ ናቸው። ከአገር ሲወጣ።"

"በጥቁር ክር ልቀይረው?"

"አይንኩት" አለችኝ።

የቀረውን ጠገንኩ። ስመልስላት አንድ ነገር መከርኳት። "ኮት ተጣጥፎ ሲቀመጥ ይታመማል። ትከሻ ያስፈልገዋል። ማንጠልጠያ አበጂለትና ፀሐይ ይምታው።" ማንጠልጠያ አልኩ እንጂ ሰው አላልኩም። ለማንአለሽ ግን ትከሻ ማለት ሰው ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ መናገር የጀመረ የተሰበረ ቀንበር ነበራት። እሱን ትከሻ አደረገችው። ጀርባው ሞፈር ሆነ፤ አባቷ ቢያዩት የሚያመሰግኑት ጎባጣ ሞፈር። እግሩን ከጎማ ቆርጣ አበጀችው። ራስ አልሠራችለትም። ሲያልቅ ኮቱን አለበሰችው። ቁልፉን በአንገቱ በኩል ብቻ ቆለፈችና ልክ እንደሆነ ለማየት ራቅ ብላ ቆመች። እኔም አየሁ። ቀንበሩ ኮቱን ልክ ሞላው። በዚህ ሙያ ስኖር እንደዚያ ልክ የሆነ ትከሻ ጥቂት ነው ያየሁት፤ ልቤ በጣም ደስ አለው። ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር አልቀላቀለችውም። እሱ እግሩን አላነሳም፤ ቆሟል። ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ጥሩ ስትወጣ ግቢው መካከል አቆመችውና ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ውኃ ሄደች።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሬሳው ሳይገኝ የቀረ ሰው ሲለቀስ፣ በእኛ አገር የሟቹ ልብስ በእንጨት ላይ ይለበስና ለቅሶው መካከል ይቆማል። ምስል ይባላል። ሕዝቡ በዙሪያው እየዞረ ያለቅሳል። ማንአለሽ ማዶ የተወለደች ናትና ይህን አላየችም። እኔ ደግሞ አይቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን ያን ጠዋት ዓይኔ ውስጥ የነበረው ስፌት ብቻ ነው።

አበራሽ አህያዋን እየነዳች በአጥሩ በኩል መጣች። እንደ ወትሮዋ ፊቷን ልታዞር ነበር። አላዞረችም። መጀመሪያ የቆመችው አህያዋ ናት፤ ቀጥላ እሷ ቆመች። ከአባቷ ለወንድሟ የተላለፈው ኮት፣ ራሷ በነጭ ክር የጣፈችው ክርን ግቢው መካከል ቆሞ አየች። ከእጇ የነበረው አለንጋ ወደቀ። ነጠላዋን አወረደችና ወገቧን ታጠቀችበት። ከዚያ የወጣው ድምፅ ከገበያው ማዶ ተሰማ።

"ኮትህ ደጅ ቆሞ አየሁ፣ ባለቤቱ የለም፣
እጅጌህ ባዶ ነው፣ አቅፈኝ ወንድም ዓለም።"

ገበያ ለቅሶ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ላላየ ሰው መንገር ይቸግራል። መጀመሪያ ጫጫታው ይቆማል። ገብስ የሚሰፍረው ቁናውን እንደያዘ ይቀራል። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ አንድ በኩል ይፈስሳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ማንነቱን የማያውቁት ሁሉ ያለቅሱ ነበር። በየቤቱ ያልተለቀሰ ሰው አለና። እኔ "ኧረ ለፀሐይ ነው" ልል ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ማን ይስማኝ? ግቢዬ ሞልቶ አጥሩ ወደቀ፤ መንገደኞቹ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀላቀሉ፣ ማን ከእንጨት ማን ከሥጋ እንደሆነ ለዓይኔ ጠፋኝ።

ማንአለሽ ጀሪካኗን አዝላ ስትመጣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። አንዲት ሴት ጀሪካኑን ከጀርባዋ አወረደችላት። ሁሉም አሁን ትወድቃለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ ዓይኗን ከፍታ ቆመች። ምን እንደሆነ ሲገባት አየሁት፤ ሁለቱም ትከሻዎቿ ወረዱ። ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ አበራሽ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እግዜር ይስጥሽ" አለቻት። "እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት፤ ፈቀድሽልኝ። ሳልሞት ፈቀድሽልኝ።"

በግቢው ውስጥ እውነቱን የምናውቀው እኔና ማንአለሽ ብቻ ነበርን። ተያየን። አንድ ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ሕዝብ አፍሮ ይበተናል፤ አበራሽም እንደገና ወደ ሰው ለቅሶ ትመለሳለች። ዝም ካለች ደግሞ ባሏ በአገር ሙሉ ፊት ሞተ። ፈራሁላት።

ማንአለሽ አበራሽን ቀስ አድርጋ ከአንገቷ ላይ አወረደቻት። ሕዝቡ እየጎተተው ኮት የለበሰው እንጨት ሊወድቅ ዘንበል ብሎ ነበር። ሄዳ ከኋላው ቆመችና ሞፈሩን በሁለት እጇ ያዘች።

"ያልቅሱ፣ እትዬ" አለች። "እኔ ይዤዋለሁ።"

አለቀሱ። ፀሐይዋ አናት ላይ መጥታ እስክትዘነብል አለቀሱ። እሷ አንድ ጠብታ እንባ ሳታወጣ ከኋላ ይዛው ቆመች። ከፊት ለሚያይ የምትታየው በቀንበሩ ላይ ብቅ ያለች ፊቷ ናት፤ ራስ የሌለው ሰው የእሷን ራስ የተዋሰ መሰለ። አበራሽ ድምፅዋ ሲዘጋ ቀረብ አለችና ያንኑ እንደገና አለችው፣ አሁን በሹክሹክታ፤ "አቅፈኝ ወንድም ዓለም።" ያኔ ማንአለሽ ኮቱ ሥር ገባች። እጆቿን በባዶ እጅጌዎቹ ውስጥ ሰደደችና አበራሽን አቀፈቻት። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልደነገጠም። የቀኑ ነገር እንደዚያ ነበር። እኔም አይቼ እንግዳ አልሆነብኝም፤ መልካሙ በእውነት መጥቶ እህቱን ያቀፈ መሰለኝና አለቀስኩ።

ሕዝቡ ወደ ገበያው ሲመለስ በረንዳዬ ላይ አራት ሆነን ቀረን፤ ሁለቱ ሴቶች፣ እኔና ቄስ ገብረ መድኅን። ቄስ ገብረ መድኅን የማርያም ደብር አገልጋይ ናቸው፤ ነገር ሳይጣራ አይወዱም።

"ማንአለሽ" አሉ፣ "ሲያለቅሱ አየሁ። አንቺ ግን አለቀስሽ ወይስ አላለቀስሽም?"

"ያዝኩት እንጂ አላለቀስኩም፣ አባ።"

"ሰውዬው እኮ አንድ ነው፣ ልጄ። ወይ አለ ወይ የለም።"

"ለእትዬ ይሙት" አለች ማንአለሽ። "እህቱ ናቸው፤ ብዙ ጠብቀዋል። ለእኔ ገና መንገድ ላይ ነው።"

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "ለእንጨት ፍትሐት አላደርግም" አሉ በመጨረሻ። "ስሙን ግን በጸሎት እጠራዋለሁ።"

"ከሞቱት ጋር ነው ወይስ ከመንገደኞች ጋር?"

"ቅዳሴው ለሁለቱም ይጸልያል። በሁለቱም እጠራዋለሁ። እሱ ባለቤቱ እግዚአብሔር የትኛው እንደሆነ ያውቃል።" መስቀላቸውን አሳለሙንና ሄዱ።

አበራሽ እንደተቀመጠች ናት። ፊቷ ዐብጧል፣ ግን ትከሻዋ ቀሎታል። ያን ያህል ሲቀል አይቼው አላውቅም።

"ለፀሐይ ነበር ያወጣሽው" አለች ቀና ሳትል። "አይደል?"

ማንአለሽ መለሰችላት፤ "አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አመሰገኑኝ እኮ።"

እኔ መርፌው ውስጥ የገባውን ክር አውጥቼ እንደገና አስገባሁ።

"እንጨቱን ስጪኝ" አለች አበራሽ። "ወገዳ ለቅሶ ደራሽ ይመጣብኛል። የሚያዩት ነገር ይኑር። ከአባታችን ቤት ደጃፍ አቆመዋለሁ።"

"የእርስዎ ነው።"

"ኮቱንስ?"

ማንአለሽ ወደ ግቢው ሄዳ ከአንገቱ በኩል ያለውን ቁልፍ ፈታች። ኮቱን አወለቀችና አቧራውን አራገፈች። "ሲመጣ ይበርደዋል" አለች።

አበራሽ ኮቱን አየችው፤ ከዚያ ክርኑ ላይ ያለውን የራሷን ስፌት በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። ውሰጂው ወይም ስጪኝ አላለችም። እኔ ይህን ማየት አልቻልኩምና ወደ ውስጥ ገባሁ። ግድግዳዬ ላይ ሰዎች አሰፍተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ልብሶች አሉኝ፤ ባለቤቶቻቸው ይምጡ አይምጡ የማላውቃቸው። ከመካከላቸው ትከሻው የሰፋውን ግራጫ ኮት አወረድኩ። "ያ ቀንበር ራቁቱን አይሄድም" አልኩ። ለማልቀስ ጊዜ አልሰጠኋቸውም፤ ቆጣ ብዬ ነው የሰጠኋቸው። ልክ ሆነለት።

ሦስታችን ሆነን አህያዋ ላይ ጫንነው። በአንድ በኩል ያልተሸጠው ምስር፣ በሌላው በኩል ኮት የለበሰው ሰው። ማንአለሽ እንዳይላላ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። የስማዳ መንገድ ላይ ጉም መውረድ ጀምሮ ነበር። አበራሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ለቀስተኛ ወጉን ጠብቃ፣ ተሰናበተችንና ጥቂት ሄደች። ከዚያ አህያዋን አቆመችና ብቻዋን ተመለሰች። ማንአለሽ አጠገብ ደርሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔ እንዳልሰማ ነበር የፈለገችው።

"ምናልባት" አለቻት፣ "ድንገት ከመጣ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ሰው ላኪብኝ።"

"እልክብዎታለሁ።"

"አደራ" አለችና ወደ አህያዋ ሄደች።